ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሄድንባት የደሴ ክሊኒክ

እናቴ ለሐጅ ጉዞ ስትዘጋጅ ሦስት ክትባቶችን እንድታስብባቸው ተነገራት። የማጅራት ገትሩ ግዴታ ነው፤ ሳዑዲ ዐረቢያ ከመግባት ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። የቢጫ ወባው፣ ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ከሚችሉ አገሮች ተርታ ስለምትመደብ፣ ከዚህ ለሚነሳ ተጓዥ የሚጠየቅ ነው። ሦስተኛው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲሆን፣ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሑጃጆች አጥብቆ ይመከራል። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ስኳርም አለባት። ሁለቱን ያለ ክርክር ተቀበለች፤ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ግን «ዳማከሴና ዝንጅብል ባለበት አገር ለጉንፋን መርፌ መወጋት ጥጋብ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

አባባሏ እንዲያው የመጣ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ሰፈሩን በሚሸፍንበት ወቅት በየቤቱ የሚያስለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያስለውም ሁሉ፣ ሕመሙ ምንም ይሁን ምን፣ «ጉንፋን ያዘኝ» ይላል። ተራው ጉንፋን አፍንጫን እያዘነበ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ሰውም ከሥራው ሳይቀር የሚያሳልፈው ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን በሌላ ቫይረስ የሚመጣ፣ ጠዋት ደኅና የዋለውን ሰው ማታ በትኩሳትና በቁርጥማት የሚጥል፣ በአረጋውያንና በስኳር፣ በልብ ወይም በአስም ሕመምተኞች ላይ ሲበረታ ደግሞ ወደ ሳንባ ምች ሊያደርስ የሚችል ሕመም ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቀባሪ ያሳጣት፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪንም ሳይቀር የያዘው «የኅዳር በሽታ» ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ሲታጠን የሚታሰበው እርሱ መሆኑን ስነግራት እናቴ ሳቋን ተወችና «እንግዲያው ጉንፋን አትበለዋ» አለችኝ።

ይህን ክትባት ጤና ጣቢያ ሄዶ ማግኘት አይቻልም። መንግሥት ለሕፃናት በነጻ ከሚሰጣቸው መደበኛ ክትባቶች ውስጥ የኢንፍሉዌንዛው ስለሌለ፣ የሚፈልገው ሰው ከግል ጤና ተቋም ገዝቶ ይከተባል። እኔም ከእናቴና የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ከሆነችው ታናሽ እህቴ ጋር በሚያዝያ መጀመሪያ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የገባንበት መድኃኒት ቤት ክትባቱ እንዳለው በደስታ ነገረን። ባለሙያው ከኋላው ያለውን ትንሽ ፍሪጅ ሲከፍት ግን፣ ሳጥኑ በሩ ላይ ባለው መደርደሪያ ከሁለት የለስላሳ ጠርሙሶችና በፌስታል ከተቋጠረ ምሳ ጎን ተቀምጦ አየሁት። የሙቀት መለኪያ የሚባል ነገር በፍሪጁ ውስጥ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ብጠይቀው «ቶሎ ይመለሳል» አለኝ። ሳጥኑን ተቀብዬ ሳገላብጠው ደግሞ ያለፈው ወቅት ክትባት ሆኖ፣ ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። አመስግነን ወጣን። የተበላሸ ወተት ይሸታል፤ የተበላሸ ክትባት ግን መልኩም ሽታውም ሳይለወጥ ክንድ ውስጥ ገብቶ ያለ አንዳች ጥቅም ይቀራል፤ ገዢውም ሳያውቀው ተከትቤአለሁ ብሎ ይኖራል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከፋብሪካው እስከ ክንዳችን ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሙቀት ያዳክመዋል፣ በረዶ ከሆነ ደግሞ መጣል ብቻ ነው ያለው። የባዮሎጂ መምህር በመሆኔ ይህን ለዓመታት ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬአለሁ፤ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ፍሪጅ ፊት ስቆም ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

አሁን ወደ ክሊኒኳ ልምጣ። ስሟን አልጠቅስም፤ ከማመሰግናት ጋር የምነቅፋትም ነገር ስላለኝ ነው። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ፎቅ ላይ ያለች፣ አራት ክፍሎች ብቻ ያሏት ክሊኒክ ናት። ክትባቱን ዘወትር አታስቀምጥም፤ ፈላጊዎችን በስልክ እየመዘገበች ቁጥሩ ሲሞላ ከአዲስ አበባ ታስመጣለች። የሚመጣውም 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስ ሲንገላታ ውሎ ሳይሆን፣ በማቀዝቀዣ ሣጥን ታሽጎ በአውሮፕላን እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ሽቅብ በመኪና ነው። ከተመዘገብን በኋላ ስምንት ቀን ጠብቀናል። ጥድፊያ ላለበት ተጓዥ ይህ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ይህን አሠራር ከጓዳ ፍሪጅ ወዲያውኑ ከሚወጣው እመርጠዋለሁ።

ክትባቱ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ከመድኃኒትና ከክትባት በቀር ሌላ ነገር የማይገባበት ነው። በሩ ላይ ጠዋትና ማታ የተነበበው ሙቀት የሚጻፍበት ቅጽ ተለጥፏል፤ ቀረብ ብዬ ስመለከተው ያልተሞላ ቀን አላገኘሁበትም፤ እሑዶቹ እንኳ ተሞልተዋል። መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ደረጃው ሥር አለ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲነሳ ጆሯችን መስክሯል። ለአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፤ የከፈልነውም ገንዘብ አብዛኛው ለዚህ የዋለ እንደሆነ እገምታለሁ።

ነርሷ ሳጥኑን ከመክፈቷ በፊት ለእኔ ሰጥታ «መምህር፣ ዓመቱን ያንብቡት» አለችኝ። ይህን ያህል የተጠነቀቀ ባለሙያ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። በኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሳጥን ላይ የሚጻፈው ዓመት ጌጥ አይደለም። ቫይረሱ መልኩን በየጊዜው ስለሚለዋውጥ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት አካባቢ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ በመስከረም አካባቢ ለደቡቡ፣ ተሰብስበው የመጪው ወቅት ክትባት ከየትኞቹ ዝርያዎች እንደሚዘጋጅ ይመክራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ላይ ሁለት ተከታታይ ዓመታት በሰረዝ ተያይዘው ከተጻፉ ክትባቱ ለሰሜኑ፣ አንድ ዓመት ብቻ ከተጻፈ ለደቡቡ የተሠራ ነው። እኛ ያገኘነው አንድ ዓመት፣ ያውም የያዝነው ዓመት የተጻፈበት ነበር። ሳጥኑ ሦስት ዝርያዎችን ይዘረዝራል፤ ሁለቱ ኤ ከሚባለው ወገን፣ አንዱ ቢ ከሚባለው። ቀድሞ አራት ነበሩ፤ ያማጋታ የሚባለው የቢ ዘር ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ላይ መገኘቱ ስላልተረጋገጠ ከክትባቱ እንዲወጣ ተመክሯል። በየዓመቱ መከተብ የሚያስፈልገውም ዝርያው ስለሚለወጥና ከክትባቱ የሚገኘው መከላከያ ወራት ሲያልፉ ስለሚዳከም ነው፤ አንዳንድ ሰው እንደሚጠረጥረው ለገበያ ብልሃት አይደለም።

ከዚያ ጥያቄዎቹ መጡ። ትኩሳት አለን ወይ? ከዚህ በፊት በክትባት ተጎድተን እናውቃለን ወይ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ አለ ወይ? የስኳር መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስድ እንደሆነም እናቴን ጠየቀቻት። እህቴ ለፅንሷ ፈርታ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር፤ ነርሷ ክትባቱ የሞተ ቫይረስ ክፍልፋይ እንጂ ሕይወት ያለው እንዳልሆነ፣ በየትኛውም የእርግዝና ወር ሊሰጥ እንደሚችል፣ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ራሱ መከተብ ስለማይችል ከእናቱ የሚወርሰው መከላከያ እንደሚጠብቀው በእርጋታ አስረዳቻት። «አብሽሪ፣ የምትከተቢው ለሁለት ነው» ስትላት እህቴ ክንዷን ሰጠቻት።

እናቴ ግን የራሷ ጥያቄ ነበራት። «ልጄ፣ ሐላል ነው?» አለቻት። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ ጥያቄ በፈገግታ ሊታለፍ ይችል ነበር። ነርሷ «እማማ፣ አብረን እንየው» ብላ ከሳጥኑ ውስጥ የታጠፈውን ቀጭን ወረቀት አወጣችና የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር አንድ በአንድ እየተረጎመች አነበበችላት። በአፍንጫ የሚረጨው ዓይነት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን እንዳለበት፣ በእጇ የያዘችው የመርፌው ዓይነት ግን ጄላቲን እንደሌለበት አሳየቻት፤ ቫይረሱ የሚራባው በዶሮ እንቁላል ውስጥ መሆኑንም አልደበቀችም። እናቴ «እንቁላልማ ምን ይላል» ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፋ አደረገች። በአንድ ግቢ ክርስቲያንና ሙስሊም ቡና እየተጣጣ በሚኖርበት ወሎ የሚሠራ ባለሙያ የዚህን ጥያቄ ክብደት ማወቅ አለበት እላለሁ፤ ይህች ነርስ አውቃለች።

መርፌው ራሱ የሚጻፍ ነገር የለውም። አስቀድሞ የተሞላ፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ የሚይዝ ስሪንጅ ነው፤ የክንድ ጡንቻ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ ድንገተኛ የአለርጂ ምልክት ቢመጣ ለመርዳት አሥራ አምስት ደቂቃ ያስቀምጡናል። እኔ ሁለት ቀን ክንዴን አሞኛል፣ እናቴ አንድ ሌሊት ድካም ተሰምቷት ነበር፤ እህቴ ምንም አልሆነችም።

ነቀፌታዬ የሚጀምረው ከዚያች አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የተቀመጥነው ከሚያስሉ ታካሚዎች ጋር ጎን ለጎን፣ ብርዱን ለመከላከል መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ኮሪደር ላይ ነበር። ለመተንፈሻ አካላት ሕመም ሊከተብ የመጣ ሰው፣ ክትባቱ መሥራት ሳይጀምር እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ሕመሙን ሸምቶ ሊወጣ ይችላል! መስኮቱን እኔው ተነስቼ ከፈትሁት፤ ተመልሰው ዘጉት። ለተከታቢዎች የተለየ ሰዓት መመደብ ምንም ወጪ አያስወጣም ነበር። ሁለተኛው ነቀፌታዬ ዋጋው በስልክ ስንመዘገብ አለመነገሩ ነው፤ ለሦስታችን የከፈልሁት ከአንድ ሙክት በግ ዋጋ ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ ይህን አስቀድሞ ማወቅ የብዙ ቤተሰብ መብት ነው። ካርዱም ላይ ቀኑን ብቻ ጽፈው የክትባቱን የምርት ቁጥር ዘለውት ነበር፤ ስጠይቅ ያለ ማንገራገር ጻፉልኝ፤ የማይጠይቅ ሰው ግን ሳይጻፍለት ይሄዳል።

ስለ ክትባቱ አቅም ከልክ በላይ አለመናገራቸውን ግን በበጎ ጎን እመዘግበዋለሁ። ዝርያዎቹ በደንብ በሚገጣጠሙበት ወቅት እንኳ ክትባቱ በኢንፍሉዌንዛ ታሞ ሐኪም ዘንድ የመሄድን ዕድል የሚቀንሰው ከመቶ 40 እስከ 60 ያህል ነው፤ የተከተበ ሰው ቢይዘውም ለሆስፒታል የመዳረጉ ነገር ይቀንሳል፤ መከላከያውም እስኪዳብር ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ነርሷ ይህንኑ ነግራን፣ እናቴ ከመብረሯ በፊት ሦስት ሳምንት ስለቀራት ጊዜው በቂ መሆኑን ቆጥራ አረጋገጠችልን። ተራ ጉንፋን እንደማያስቀር በሰኔ በራሴ አፍንጫ አይቻለሁ፤ አንድ ጎረቤቴም አዝነውልኝ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተው ላኩልኝ። በቫይረስ ላይ የማይሠራ መድኃኒት መሆኑን በአክብሮት አስረድቼ መለስሁላቸው፤ ከእርሱ ጋር የላኩትን የጦስኝ ሻይ ግን ጠጥቻለሁ። ታማሚን ተሰብስቦ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ትልቅ ወግ ነውና በዚያ ሳምንት ቤቴ ሰው ሳይጎድልበት ከረመ፤ ጠያቂዎቼን በረንዳ ላይ አስቀምጬ፣ ሳልም በክንዴ እጥፋት አፌን ሸፍኜ፣ እጄን እየታጠብሁ አሳለፍሁት። አንዳንዶቹ እንደ ኩራት ቆጥረውብኛል።

እናቴ ሐጇን ፈጽማ በሰላም ተመልሳለች። ጉሮሮዋ ደርቆ በትንሹ ትሳል ነበር፤ አልጋ ላይ ግን አልዋለችም፤ ስኳሯም በልኩ ነበር። ይህ የክትባቱ ሥራ ነው ብዬ መማል አልችልም።

ወደዚህች ክሊኒክ መሄድ ለሚፈልግ ሰው፦ ስልክ ደውሎ ሲመዘገብ ዋጋውን ራሱ ይጠይቅ። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ከገጠር የሚመጣው ታካሚ ብዙ ነው፤ እኛ ሰኞ ሄደን ሃምሳ ደቂቃ ተሰልፈናል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካርድ ልናስሞላ ስንመለስ ግን ኮሪደሩ ባዶ፣ መስኮቱም ክፍት ነበር። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ ስምንት ዓመት የሆነ፣ ተከትቦ የማያውቅ ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ በአራት ሳምንት ልዩነት መከተብ ስለሚያስፈልገው፣ ሲመዘገብ ሁለት መርፌ ብሎ ይመዝገብ፤ አለበለዚያ ለሁለተኛው ዙር ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል።