የጽሞና ጎጆ ዲዛይን ልትገዙ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ጉዳያችን ገና አላለቀም። ደግሞ ዛሬ ስሙን ብጠራ ነገ በሌላ ስም ይመጣል። አሠራሩን ካወቃችሁ ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

ጫካ ዳር ትንሽ መሬት አለችኝ። ከሥሯ ጅረት ያልፋል። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መቀመጫ፣ አንድ ጥሩ መስኮት። ስልኬን አጥፍቼ ሁለት ሦስት ቀን ዝም የምልባት ጎጆ። 16 ካሬ ሜትር ይበቃኛል ብዬ ነው የጀመርኩት።

ማስታወቂያቸው የጽሞና ቤት ዲዛይን በ30 ቀን እናስረክባለን ይላል። ደወልኩ። ያነጋገረኝ ልጅ ጨዋ ነው፤ ድምፁ ራሱ ያረጋጋል። የመሬቱን ፎቶና ካርታ ላክሁ። ከታሰበው ዋጋ 60 በመቶውን ቀብድ ከፈልኩ። በሳምንቱ ስሪዲው፣ ማለትም ቤቱ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው የኮምፒውተር ሥዕል፣ መጣ። እውነት ለመናገር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጭጋግ፣ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ መስታወት፣ መሀል ላይ ዐይኗን ጨፍና የተቀመጠች ሴት። ቀሪው ክፍያ ከቀብዱ በልጦ ሲመጣ እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ለቀቅኩት። ሥዕል ገዝቼ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ሙሉ ሰነዱ 14 ገጽ ነው። 11ዱ ስሪዲ። የቀሩት ሦስቱ ፕላን፣ የፊት ገጽታና አንድ ሴክሽን (ቤቱ ለሁለት ቢቆረጥ ውስጡን የሚያሳይ ንድፍ) ናቸው። የመሠረት ዝርዝር የለም። የዝናብ ውሃ የት እንደሚሄድ የሚያሳይ ነገር የለም። የሰሜን ቀስት እንኳ የለም። 16 ያልኩት ቤት 42 ካሬ ሆኗል፤ ሁለት መታጠቢያ ቤት አለው። ለአንድ ሰው! ውሉን መልሼ ሳነበው ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። የሚያስከፍሉት በካሬ ሜትር ሲሆን የመጨረሻው ሒሳብ «በመጨረሻው ስፋት» ይታሰባል። ቤቱ ባደገ ቁጥር ማን እንደሚያተርፍ መገመት አይከብድም።

ግንበኛው ወረቀቱን ዘርግቶ ትንሽ አየና «ይሄን የሠራው ሰው ቦታውን አይቶታል?» አለኝ። በፕላኑ የበረንዳው ደረጃ የሚወርደው መሬቱ ሽቅብ በሚወጣበት በኩል ነው። ተራራ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ከገጹ ግርጌ ባለችው ሳጥን ደግሞ የሌላ ሰው ፕሮጀክት ስም ሳይጠፋ ቀርቷል። የሌላ ሰው ቤት ነው፤ ግራውን ቀኝ አድርገው ገልብጠው ሸጡልኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን አንዴ ገንዘቡ ወጥቷል ብዬ ስፋቱን አስቀንሼ፣ ደረጃውን አስዙሬ አሠራሁት። ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው። ዋናው ጉድ የታየው ቤቱ ከቆመ በኋላ ነውና።

መጀመሪያ ጣራው። በሴክሽኑ ላይ ቆርቆሮው በቀጥታ እንጨቱ ላይ ነው ያረፈው። ኮርኒስ የለም፤ መሀል ላይ ድምፅ የሚውጥ ነገርም የለም። ቀጭን ብረት ጠብታ ሲመታው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያፍነው ክብደት ካላገኘ እንደ ከበሮ ነው። በመጀመሪያው ዝናብ የራሴን ሐሳብ መስማት አቃተኝ። ለጽሞና በተሠራ ቤት!

ቀጥሎ ጄኔሬተሩ። የሣሉት ከመቀመጫዬ 4 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ከ4 ወደ 32 ሜትር ብታርቁት 18 ዴሲቤል ገደማ ቀነሰላችሁ ማለት ነው። 10 ዴሲቤል መቀነስ ለጆሮ ድምፁ በግማሽ የወረደ ያህል ነው፤ እንግዲህ አስቡት። የሚያስፈልገው ትንሽ ረዘም ያለ ገመድ ብቻ ነበር።

መስታወቱ ደግሞ ወደ ምዕራብ ነው የዞረው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች፤ ጣራው ወጣ ቢል እንኳ ያን ያህል ዝቅ ያለችን ፀሐይ አይከልልም። ማታ መብራት ስታበሩ ውጪው ይጠፋና መስታወቱ መስተዋት ይሆናል። ጫካ ላይ ማሰላሰል ቀርቶ የራሴን ፊት ሳይ አመሻለሁ። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ባለ አንድ ንብርብር ስለሆነ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሼ ላዩ ላይ ውሃ ሆኖ ወደ ጣውላው ይንጠባጠባል። እንዲህ እየራሰ የሚኖር ጣውላ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ወፎችም ይጋጩበታል፤ ሁለት ሞተው አግኝቻለሁ። በስሪዲው ላይ ይሄ ሁሉ የለም፤ እዚያ ሁልጊዜ ማለዳ ነው።

ስደውል የመለሱልኝ «ለትንሽ ቤት ሦስት ገጽ ይበቃል» ነው። ተናደድኩ። ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ለራሱ የሠራት ጎጆ 3.66 በ3.66 ሜትር ብቻ ናት፤ ከ14 ካሬ አትሞላም። ግን እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ታስቦበታል። ወጥ ቤት የላትም፤ የሚበላው ጎኑ ካለው ምግብ ቤት ስለነበር ወደዚያ የሚያስገባ በር አወጣላት። አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮም በ1845 በአገሩ ዋልደን ኩሬ አጠገብ የሠራት ጎጆ ወደ 3 በ4.6 ሜትር ነበረች። የምድር ቤቱን የቆፈረው ወደ ደቡብ ባዘነበለ ኮረብታ ጎን ነው። ሁለቱም የሚሠሩበትን ቦታ ያውቁት ነበር። ትንሽ ቤት ስሕተት የሚደበቅበት ጓዳ የለውም።

ስለዚህ የሚያናግራችሁን ሰው ገና ሲጀምር «በእኔ መሬት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በየት በኩል ነው? ነፋሱ ከየት ይመጣል? ሌሊት ምን ይሰማል?» በሉት። እኔን ከእነዚህ አንዱንም ማንም አልጠየቀኝም፤ የተጠየቅኩት ስለ ትራስ ቀለም ነው። ውሉ ላይ «የቦታ ጉብኝት እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ካለ አይመጡም ማለት ነው። ቀኑን አስጽፉ። ስፋቱንም ከዚህ አይበልጥም ብላችሁ በቁጥር አስቀምጡ። ክፍያው ከሥዕሉ ጋር ሳይሆን ከሥራ ንድፉ ጋር ይታሰር፤ መሠረት፣ የውሃ መውረጃ፣ የጣራ ዝርዝር ሲገባ ይህን ያህል እያላችሁ። የመጨረሻውን ገንዘብ ከመልቀቃችሁ በፊት ቤቱን የሚሠራው ሰው ያንብበው። የእኔ ግንበኛ ሁሉንም ለማየት አንድ ሻይ እስኪጠጣ አልፈጀበትም። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃ ምንጭ በላይ እንዳይሆን ደግሞ ራሳችሁ እዩ፤ እኔን ከዚህ ያተረፈኝ ዕድል ነው።

ለቅሬታዬ የመጣው የመጨረሻ መልስ «መጥተን ማየት እንችላለን፣ ክፍያው ለብቻ ነው» የሚል ነው። ውሉ ላይ «ምስሎቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው» የምትል ደቃቅ ጽሑፍ አለች፤ እሷን ነው የሚጠቅሱብኝ። አሁን ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ እያስገባሁ ነው፤ የምዕራቡንም መስታወት ግማሹን በጣውላ ደፈንኩት። ደረጃው ተራራ ውስጥ የሚገባ ፕላን የደረሳችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ምናልባት ያቺ በሳጥኑ ውስጥ ስሟ የቀረው ፕሮጀክት የእናንተ ትሆናለች፤ ክርክሩን አብረን ብንይዘው ይሻላል።