የዘገየ አውቶቡስና የራሰ ትኬት፦ ክረምት ወሎ ለምትገቡ

የአውቶቡስ ትኬታችሁን ከዝናብ ጠብቁ። ከራሰ ወይም ከተቀደደ ደግሞ የአውቶቡሱ ቢሮ ሰዎች «ተበላሽቷል፣ ገንዘብ አይመለስም» ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ አትውጡ።

ሌላው አገልግሎት ብዙ አያነጋግርም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያረፍኩበት ሆቴል ሙቅ ውሃው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው እንጂ ንጹሕ ነው። ባጃጁም ቢሆን ዋጋ ቀድመው ከተነጋገሩ ችግር የለውም። ሰዉ ያው ወሎዬ ነው፣ ገና ሻንጣ ሳታወርዱ «አብሽሩ» ይላችኋል። ያቃጠለኝ ከአዲስ አበባ ደሴ ያመጣን ደረጃ 1 አውቶቡስ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል ተብሎ ወንበር እስኪሞላ ረፋድ 4 ሰዓት ድረስ ገተረን። ሸዋ ሮቢት ላይ ተበላሸና ታሪፉ ዝቅ ባለው በደረጃ 2 መኪና አሸጋገሩን። ዕቃ ስናዛውር በጣለው ዝናብ ትኬቱ ራሰ። ደሴ ቢሮአቸው ስሄድ ልጁ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይነበብም» አለኝ።

አይነበብም ማለት የለም ማለት አይደለም። በእጅ የሚቆረጥ ትኬት ከጥራዝ ነው የሚወጣው፤ ዋናው ለተሳፋሪ ይሰጣል፣ ቅጂው በካርቦን ጥራዙ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የታተመው ተራ ቁጥር ከተረፈ ስሙም ወንበሩም ዋጋውም ከቀሪው ላይ ይገኛል። ተራ ቁጥሩም ከጠፋ የጉዞውን ቀንና የአውቶቡሱን የጎን ቁጥር ንገሯቸውና ሹፌሩ ይዞት ከሚወጣው የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ይፈልጉ። በቴሌብር የከፈለ ሰው ከ127 የመጣለትን መልእክት አያጥፋ፤ በባንክ የላከም በኤፍቲ የሚጀምረውን ቁጥር ይያዝ። ስም ሲያስጽፉ በፓስፖርቱ ወይም በቢጫ ካርዱ (በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) ላይ እንዳለው ማስጻፍ ነው፤ የቤት ስም ከተጻፈ በኋላ እኔ ነኝ ብሎ ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው።

የራሰውን ወረቀት አትሹት፣ ቀለሙ ይሄዳል። በሁለት ደረቅ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ መጽሐፍ ጫኑበት። የተቀደደውን ከጀርባው በኩል ብቻ በስኮች ያዙት። ከማሽን የሚወጣው የሚያብለጨልጭ ደረሰኝ ግን ሌላ ነው። ጽሑፉ የሚወጣው በሙቀት ስለሆነ ላሚኔት ካስደረጋችሁት ይጠቁራል፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ወይም ስኮች ፊቱ ላይ ከለጠፋችሁበትም ጽሑፉ እየጠፋ ይሄዳል። ከሁሉም የሚሻለው እጃችሁ እንደገባ በሁለቱም ገጽ ፎቶ ማንሳት ነው።

መዘግየቱንም ቢሆን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። መናኸሪያው ስምሪት ክፍል ለአውቶቡሱ መውጫ የሰጠበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ታርጋውንና የጎን ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። መንገድ ላይ ከተበላሸ ረዳቱ በትኬቱ ጀርባ ቦታውንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርም። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፎቶው ላይ ስልካችን 5፡00 ሲል ትኬቱ 11 ሰዓት ይላል፣ የትኬቱ ቀንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ማመልከቻው ላይ ሁሉንም ወደ አገር ቤት ሰዓትና ቀን መልሳችሁ ካልጻፋችሁ «አይገጥምም» ለማለት ሰበብ ያገኛሉ።

ስንት ይጠየቃል? አውቶቡሱ ሳይነሳ ከዘገየ ሙሉውን ብር ጠይቃችሁ በሌላ መሄድ ነው፤ ከተሳፈራችሁ በኋላ ክርክሩ ይከብዳል። መንገድ ከቀረ በኪሎ ሜትር አስሉት። አዲስ አበባ–ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እስከ ሸዋ ሮቢት 225 አካባቢ። የቀረው 175 ነው፣ ማለትም ከትኬቱ ዋጋ 44 በመቶ ያህል። በራሳችሁ ወጪ ሌላ መኪና ከያዛችሁ ይህን ጠይቁ። እነሱ ከፍለው ካሸጋገሯችሁ ደግሞ የምትጠይቁት በ175ቱ ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን የደረጃ 1 እና የደረጃ 2 ታሪፍ ልዩነት ነው። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ወርዶ ሹፌሩ ቀስ ቢል ግን አትጨቃጨቁ፣ ነፍስ ይበልጣል።

ቢሮው እምቢ ካለ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይለሳለሳሉ። ካልሆነ ማመልከቻ በሁለት ኮፒ፣ የትኬቱን ፎቶ ኮፒና የምትጠይቁትን ብር በቁጥር ጨምራችሁ ለመናኸሪያው ኃላፊ ወይም ለከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስገቡ። መዝገብ ቤቱ በእናንተ ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን ይምታበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለአገልግሎትም ይሠራል፤ ማመልከቻው ላይ ጥቀሱት።

እኔ ባለሁበት እንግሊዝ ባቡር 30 ደቂቃ ከዘገየ የአንድ ጉዞ ዋጋ ግማሹ፣ 60 ከሞላ ሙሉው ይመለሳል። በ28 ቀን ውስጥ የትኬቱን ፎቶ መላክ ነው፤ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ የሚከራከር የለም። የእኛው ባቡር ደግሞ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ድረስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሀዲድ ተዘርግቶለት ተሳፋሪውን አውቶቡስ ያንገላታዋል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገቡ ያንን ሀዲድ ማየት ያናድዳል።

በመጨረሻ ጥራዙ ተገልጦ ቅጂው ወጣ፤ ስሜም ወንበሬም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የደረጃውን ልዩነት መለሱልኝ። መናኸሪያ ለቆምንበት አምስት ሰዓት ግን አንድ ብር አልከፈሉም።