ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ፦ ደብተር ወይስ ስልክ?

ኬሞውም ጨረሩም አለቀ፤ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ከዚህ በኋላ ግን ክትትሉ በአብዛኛው በአንቺ እጅ ነው። ታሞክሲፈን (ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጥ መድኃኒት) የታዘዘላት ሴት ክኒኑን በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ዓመት ትወስዳለች፣ ማሞግራሙ፣ ማለትም የጡት ራጁ፣ በየዓመቱ ነው፣ ቀጠሮው ብዙ ነው። በጭንቅላት ብቻ አይያዝም። ታዲያ የት ይመዝገብ?

ዋጋ፦ ደብተር ርካሽ ነው። ስልክ ካለሽ ሌላ ወጪ የለውም።

ማስታወስ፦ እዚህ ላይ ስልክ ይበልጣል። ማታ 2 ሰዓት ላይ አላርም ሞልተሽ መዋጥ ነው። ደብተር አይጮህም።

ምልክት መመዝገብ፦ እኔ ደብተር እመርጣለሁ። ክንድሽ ያበጠበት ቀን፣ እንቅልፍ የነሳሽ ሙቀት፣ ያልጠበቅሽው የማህፀን ደም፣ የአንድ እግር እብጠት፣ ሁሉም በተራ ተጽፎ ሲቀርብ ሐኪሙ ቶሎ ያየዋል። ደሙና የእግር እብጠቱ ግን ቀጠሮ አይጠበቅባቸውም፣ ወዲያው ሂጂ። ቀኑን በእኛም በፈረንጅም ጻፊው፤ የምርመራ ውጤት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ይወጣል፣ ቀጠሮ ደግሞ በእኛ ይሰጣል፣ ከተምታታ መንገላታት ነው።

ስጋት፦ ደብተር ይረጥባል፣ ስልክ ይሰረቃል። የባዮፕሲ (ከጡትሽ የተወሰደው ናሙና ምርመራ) ውጤትሽን ፎቶ አንስተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ።

ከክፍለ ሀገር ጥቁር አንበሳ ለምትመላለስና ሐኪም ለሚቀያየርባት፣ ደብተር። ሥራ ለተመለሰችና ክኒን ለምትረሳ፣ ስልክ። ማንበብ ለሚከብዳቸው እናት ልጃቸው ትጻፍላቸው፣ የሚሰማቸውን ግን ራሳቸው ይንገሯት።