ሌይንስተር ሃውስን ከልጄ ጋር ጎበኘን፤ ነጻ ነው፣ ሂዱ

ደብሊን ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የአየርላንድ ፓርላማ ያለበትን ሌይንስተር ሃውስን ግን ከውጭ እንጂ ከውስጥ አላውቀውም ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ፖለቲካ መማር ሲጀምር ይዤው ሄድኩ።

ከዚያ በፊት ከተማ ውስጥ አንድ የእግር ጉብኝት ከፍለን ሄደናል። አስጎብኚው ከሕንጻ ሕንጻ እያሯሯጠ ዓመተ ምሕረት ሲደረድርልን ዋለ። ልጄ ስልኩ ውስጥ ገባ። ይሄኛው በነጻ ሆኖ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

መግቢያው ኪልዴር ጎዳና ላይ ነው። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያዙ፤ ቦርሳ እንደ ኤርፖርት ይፈተሻል። የታችኛው ምክር ቤት፣ እነሱ ዶይል የሚሉት፣ የሚሰበሰበው ድሮ ንግግር ይደረግበት በነበረ አዳራሽ ነው። በቴሌቪዥን ሰፊ ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ጠበብ ይላል።

አስጎብኚያችን ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽበታም ሰው ናቸው። ወደ ድምፅ መስጫው መተላለፊያ እያመለከቱ የቀድሞውን የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሊያም ኮስግሬቭን ታሪክ ጀመሩልን።

አባታቸው ዊልያም ኮስግሬቭ በፈረንጆቹ ከ1922 እስከ 1932 አገሪቱን መርተዋል። በ1923፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ታጣቂዎች ቤታቸውን አቃጠሉባቸው። ሊያም ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ናቸው። ቤቱ የነበረው ቴምፕሎግ ነው፤ እኔ ሥራ ስሄድ በየቀኑ በአውቶቡስ የማልፍበት ሰፈር!

ሊያም በ1943፣ በ23 ዓመታቸው ተመረጡ። አባትና ልጅ እዚሁ አዳራሽ አብረው ተቀመጡ። በ1973 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ የራሳቸው መንግሥት ባለትዳሮች የወሊድ መከላከያ እንዲገዙ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ሁሉም እንደ ኅሊናው እንዲመርጥ ተፈቅዷል። ዛሬ ቁልፍ ይጫናሉ፤ ያኔ ግን ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነበር። የሚደግፍ በአንድ በኩል፣ የሚቃወም በሌላው ያልፋል። ኮስግሬቭ ለሚኒስትሮቻቸው ትንፍሽ ሳይሉ ተነሥተው በተቃዋሚዎቹ በኩል አለፉ። ረቂቁ ወደቀ።

እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ያ ሕግ ቢያልፍ ለስንቷ ሴት እፎይታ ነበር። አስቀድመው ለባልደረቦቻቸው አለመናገራቸውም አናዶኛል። ግን ሁሉ እያያቸው በእግራቸው ሄደው መቃወማቸውን አከብራለሁ።

ልጄ እጁን አወጣ። «አባታቸው መሪ ባይሆኑ ኖሮ እዚህ ይደርሱ ነበር?» አለ። እኔ ደነገጥኩ። አስጎብኚው ግን ደስ አላቸው። ኤንዳ ኬኒን አነሡለት። ኬኒ በ1975 የፓርላማ አባል የነበሩት አባታቸው ሲሞቱ በ24 ዓመታቸው በማሟያ ምርጫ ገቡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ግን በ2011 ነው። 36 ዓመት ጠብቀዋል። የኮስግሬቭንም ጨመሩለት፦ በ1981 እሳቸው ከፓርላማ ሲለቁ ልጃቸው ተመርጦ ገባ። «ሦስተኛ ትውልድ?» አለ ልጄ። መልሱን ለሱ ተዉለት።

ስንመለስ አውቶቡሱ ቴምፕሎግ ሲደርስ ልጄ ስልኩን ኪሱ ከተተ። በመስኮት የተቃጠለው ቤት የት ጋ እንደነበር ይፈልግ ጀመር።