ለአቶቴዋ የሒሳብ ባለሙያ ምስጋናዬ በአደባባይ ይድረስልኝ

ሐዋሳ ያላችሁ፣ ትንሽ ንግድ ይዛችሁ የምትፍጨረጨሩ እናቶችና እህቶች፣ በተለይ እንደኔ አካል ጉዳተኛ የሆናችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ረዘም ይላል፤ ግን ከልቤ ነው።

ግራንት አገኘሁ! የማይመለስ ድጋፍ ነው፤ የማድረቂያና የማሸጊያ ማሽን መግዣ። ገንዘቡ ገብቷል፣ ማሽኑም ታዝዟል። አቶቴ አካባቢ ቢሮ ያላት አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ባትኖር ግን ይህ አይሆንም ነበር። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ቃሏን አከብራለሁ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ፈቅዳልኛለችና ስልኳን እልካለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ልጅ ሳለሁ ፖሊዮ ይዞኝ ነበር፤ በክራንች ነው የምሄደው። ሥራዬ ቡላ ነው። ከሁላ በኩል ያሉ እናቶች ያወጡትን እረከባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እነፋለሁ፣ አሽጌ ለሱቆችና ለሆቴሎች አቀርባለሁ። ቡላ ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ አንድ ቀን ሄዶ ይይ። እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ ይፋቃል፣ ይጨመቃል፣ ውሃው ሲረጋ ከስር የሚዘቅጠው ነጩ ነው ቡላ የሚሆነው። የዚህ ሁሉ ልፋት ደግሞ የሴቶች ነው። አራስ የተጠየቀበት ቤት ሁሉ የቡላ ገንፎ አለ፤ የሚፍቁትን እናቶች ግን ማን ያያቸዋል?

ከሷ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ። የማንንም ስም አላነሳም።

አንደኛው ደላላ ነበር። «ከሚገኘው 30 በመቶ የኔ ነው፣ መጀመሪያ ግን ለፎርም መሙያ ክፈይ» አለኝ። ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም። ሌላው ቴሌግራም ላይ የመጣ ነው፤ ማስተላለፊያ ካልከፈልሽ ገንዘቡ አይለቀቅም የሚል። እሱን እንኳን ጎረቤቴ አስጥላኛለች።

ሌላ ቦታ ደግሞ ቢዝነስ ፕላን አሠራሁ። የቆጠብኩት ነበር፣ አወጣሁ። ወረቀቱ በሚያምር ክላሴር መጣ። ቤት ገብቼ ልጄ ሲያነብልኝ ውስጡ ስለ ዶሮ እርባታ ነው የሚለው! የመኖ ወጪ፣ የጫጩት ዋጋ። ከገጾቹ አንዱ ላይ የሌላ ሰው ስም ሳይጠፋ ቀርቷል። ለእኔ የተጻፈው የሽፋኑ ስም ብቻ ነበር። ልመልስ ስሄድ «ዋናው ፎርማቱ ነው» ተባልኩ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ፎቶው ነው። ማመልከቻ እናዘጋጅልሽ ያሉኝ ሰዎች ሊያነሱኝ መጡ። ዱቄቴን፣ ወንፊቴን፣ ደርድሬ ያዘጋጀሁትን እሽግ ሁሉ ትተው ጓሮ ግድግዳው የፈረሰበት ጥግ አቆሙኝ። «ክራንቹ በደንብ ይታይ፣ ሲያዩት ያሳዝናቸዋል» አሉ። እኔ ንጹሕ ነጠላዬን ለብሼ ነበር፤ እሱንም አውልቂ ተባልኩ። ያን ቀን ውስጤ አንድ ነገር ተሰብሮ ነው ወደ ቤት የገባሁት። ስንት ዓመት ሠርቼ ልጆች ያሳደግኩበት ንግድ አንድም ጥያቄ አልተጠየቀበትም።

እዚች ልጅ ጋ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው ማለት ይቻላል። የቡላ ደንበኛዬ ናት የላከችኝ። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ከታች ደውዬ «መጥቻለሁ፣ ቀስ ብዬ እወጣለሁ» አልኳት። «ለምን ትወጫለሽ እትዬ?» አለችና ላፕቶፗን አቅፋ ወረደች። ሕንፃው ስር ካለው ካፌ ተቀመጥን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀጠሯችን ሁሉ ቀድማኝ እዚያው ካፌ ትገኛለች። እንደ ውለታ አንድም ቀን አላነሳችውም። በነገራችን ላይ ገና በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ ሕንፃዎች ደረጃ መውጣት ለማንችለው ጭምር መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ይህንንም የነገረችኝ እሷ ናት። ሕጉ ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ እስካሁን ደረጃውን የምታቀልልን የሰው ደግነት ናት።

«ስለ ንግድሽ የጻፍሽው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የዱቤ ደብተሬን ሰጠኋት። ዳሩ የተቀደደ፣ ዱቄት የጠጣ ደብተር ነው። ማን ስንት ኪሎ ወሰደ፣ ማን ከፈለ፣ የማን ይቀራል፤ ሌላ ነገር የለበትም። አንድ በአንድ ገለጠችው። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ አልነካችውም። በጣቷ እየተከተለች «ይቺ ደንበኛ በየወሩ ነው የምትመጣው? ይሄ ሆቴልስ በጾም ለምን ጨመረ?» ትላለች። በመጨረሻ ቀና ብላ «እትዬ፣ አንቺ እኮ ሒሳብ ይዘሻል። ማመልከቻው ይሄ ነው» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ደብተሩን ከእኔ ሌላ ሰው ሲያነበው ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ከዚያ እሷ ኮምፒውተሯ ላይ የሠራችውን እኔ ልተርክላችሁ አልችልም። ሰንጠረዥ አለው፣ የገንዘብ ፍሰት የሚባል ነገር አለው። የማውቀው ሲነበብልኝ በየመስመሩ የራሴን ሥራ መስማቴን ነው። አካል ጉዳተኛ መሆኔ አንድ መስመር ላይ ተጽፏል፤ በቃ። ፎቶውንም እሷ አነሳችው፤ ከእሽጎቼ ፊት ቆሜ፣ ነጠላዬን ለብሼ።

ሌላው ያስተማረችኝ ነገር ግራንትና ብድር አለመቀላቀልን ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን እንደባልቃለን። ለምሳሌ በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የሴቶች ኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ፕሮጀክት ሲጀምር ከያዛቸው ስድስት ከተሞች ሐዋሳና አዳማ ነበሩበት። እሱ ብድርና ስልጠና ነበር፤ ብድር ደግሞ ይመለሳል። ግራንት ግን አይመለስም፤ አይመለስም ማለት ግን አይጠየቁበትም ማለት አይደለም። ለምን እንዳዋልሽው በደረሰኝ ታሳያለሽ። እያንዳንዱን ደረሰኝ በፖስታ እንዳስቀምጥ ያስለመደችኝ እሷ ናት። ለወደፊቱም አስባልኛለች። ቤትና መሬት ለሌለን ሰዎች በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽንን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና ሊመዘገብ ይችላል አለችኝ። ቤት የለሽም ተብዬ ስንት ጊዜ ነው የተመለስኩት!

ቃለ መጠይቁ ሲደርስ በእንግሊዝኛ ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። እሷ ግን ደውላ ጠየቀችልኝ። በአማርኛም በሲዳምኛም መናገር ይቻላል ተባለ። አንድ ስልክ ነው፤ ከእሷ በፊት ግን ማንም አልደወለልኝም። ዳኞቹ ፊት ስቀመጥ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ገበያዬ ነበር። ደብተሬን አወጣሁና እያሳየሁ መለስኩ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ክፍያዋን ብትጠይቁኝ፣ ቁርጥ ያለ ዋጋ ነው፣ በደረሰኝ። ከሚገኘው ይህን ያህል በመቶ አትልም። ይገኝልሻል ብላም ቃል አትገባም። «እኔ ማመልከቻ ነው የምሠራው፣ ውሳኔው የነሱ ነው» ትላለች። እንዲህ የሚል ሰው ነው የሚታመነው።

እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ለደላላ አትክፈሉ። ገንዘብ ልስጣችሁ ብሎ መጀመሪያ ገንዘብ የሚያስከፍላችሁን ሽሹት። የሌላ ሰው ፕላን ገልብጦ የሚሸጥላችሁን ሽሹት። ክራንቻችሁን እንጂ ሥራችሁን ማየት የማይፈልገውንም እንደዚያው። ይህችን ልጅ ፈልጓት። ጸጉር ሠሪ ብትሆኑ፣ እንጀራ ብትሸጡ፣ ሸክላ ብትሠሩ፣ ሥራችሁን ቁጭ ብላ ትሰማላችኋለች። አንቺ ልጅ፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ወልደሽ ሳሚ። ውለታሽን እኔ ልከፍልሽ አልችልም።

ልትሄዱ ስትሉ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ መታወቂያና የባንክ ደብተራችሁን ያዙ። ፈቃድ ያላሳደሳችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው የማደሻ ጊዜ ጨርሱ፤ ያለሱ ማመልከቻው ወዲያው ይመለሳል። የዱቤ ደብተር ያላችሁ እሱንም ጨምሩ። ጠዋት ጠዋት ሰው ስለሚበዛባት ከሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ትሠራለች። ደረጃ ለማትችሉ ደግሞ ካፌው ጋ ሆናችሁ ደውሉላት፣ ትወርዳለች።