አይሼ ወይስ አይጉል?

ሁለቱም የቱርክ ሴቶች ስሞች በ«አይ» ስለሚጀምሩ እህትማማች ይመስላሉ። አይደሉም።

አይጉል ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። «አይ» በቱርክኛ ጨረቃ ነው፤ «ጉል» ከፋርስኛ የመጣ ጽጌረዳ። በካዛክስታንና በኪርጊስታንም የተለመደ ስም ነው።

አይሼ ግን ከጨረቃ ጋር ምንም አያገናኛትም። የእኛዋ አይሻ ናት። ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ «በሕይወት ያለች» ማለት ሲሆን ክብሩ ከነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት የመጣ ነው። ቱርኮች ስሙን ከመውደዳቸው የተነሳ «አይሼ ካድን» የሚባል ፎሶሊያ ሳይቀር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቱራን ጉነሽ ከጄኔቫ በስልክ «አይሼ ለእረፍት ትውጣ» አሉ። አይሼ ልጃቸው ናት፤ መልእክቱ ግን የቱርክ ጦር በቆጵሮስ ሁለተኛውን ዘመቻ ይጀምር የሚል ምስጢራዊ ትእዛዝ ነበር።

ለጆሮ አይጉል ትጥማለች። እኔ ግን ታሪክ ያላትን አይሼን እመርጣለሁ። መምረጥ ያቃተው አይሼጉል ይበላት፤ እሱም አለ።