የሲቢ ሬዲዮዬን አንቴና ላስተካከሉልኝ ጋሼ ምስጋና፣ ለትራክ ሾፌሮችም ጥቆማ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሆናችሁ ትራክ የምትነዱ። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም ሲቢ ሬዲዮው፣ ማለት ሾፌሮች መንገድ ላይ እርስ በርስ የምንነጋገርበት የአጭር ርቀት ሬዲዮ፣ አልሰማ አላሰማ ብሎ ያስቸገረው ሾፌር ካለ የት እንደሚሄድ ልጠቁም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ማናሳስ አካባቢ፣ ትራኮች የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዘው የሚሰሩ የእኛው ሰው አሉ። አገር ቤት እያሉም ሥራቸው የመገናኛ ሬዲዮ ጥገና ነበር። ስሜ በአደባባይ አይውጣ ስላሉኝ እዚህ ጋሼ እያልኩ እጽፋለሁ።

«ስልክ እያለ ሲቢ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። አይ-77 ላይ በፋንሲ ጋፕ ተራራ ወደ ኖርዝ ካሮላይና የወረደ ሾፌር ግን ይህን አይጠይቅም። እዚያ ጭጋግ ሲወርድ የራስህን ኮፈን እንኳ በደንብ አታይም። በማርች 31፣ 2013 በዚያው መንገድ ላይ 95 መኪኖች ተጋጭተው የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ከፊትህ ያለው ሾፌር የትራክ ሾፌሮች በሚነጋገሩበት ቻነል 19 ላይ «ቆሟል፣ ቀስ በሉ» ሲል መስማት አለብህ። ስልኩ ካርታ ላይ የመንገድ መጨናነቅ የሚያሳየው ቀይ መስመር እስኪመጣ ከጠበቅክ ሊረፍድ ይችላል።

የእኔ ሬዲዮ ደግሞ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነበር የማይረባው። ትራኬ ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ ነው፤ ግራና ቀኝ ስፖኪዮው ላይ አንድ አንድ አንቴና አለው። ሬዲዮው ይበራል፣ ይጮሃል፣ ግን ከአጠገቤ ካለው ትራክ ያለፈ ድምፅ አይመጣም። እኔ ሳወራ ደግሞ «ይቆራረጣል፣ አትሰማም» ይሉኛል። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ አንቴናውን ሳይነካ ሬዲዮው ደካማ ነው፣ አዲስ ግዛ አለኝ። ካልሆነም ጉልበት የሚጨምር አምፕሊፋየር እንግጠምልህ አለ። ሲቢ ላይ በተለመደው የኤኤም አሰራር የተፈቀደው 4 ዋት ነው፣ አምፕሊፋየር በኤፍሲሲ (በአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ደንብ ክልክል ነው። ክልክል ባይሆን እንኳ አንቴናው ተበላሽቶ ጉልበት መጨመር ሬዲዮውን ቶሎ ለማቃጠል ነው። በዚህ አዝኛለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ልጆች እንዲህ እየተባሉ ገንዘባቸውን አውጥተዋል።

ጋሼ ዘንድ ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ምን ልትገዛ ነው?» አልነበረም። «በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ ይለወጣል?» አሉኝ። ለምን እንደጠየቁኝ የገባኝ በኋላ ነው።

ከዚያ የአንቴናውን ኬብል ከሬዲዮው ነቀሉና በምትኩ ደሚ ሎድ የሚባል፣ ለሙከራ ጤነኛ አንቴናን የሚተካ 50 ኦም የሆነ ትንሽ ዕቃ ሰኩ። መሃል ላይ ኤስደብልዩአር (የተላከው ኃይል ምን ያህል እንደሚመለስ የሚጠቁም ቁጥር፣ ከሁሉ የተሻለው 1 ለ 1 ነው) የሚለካውን ሜትር አስገቡ። መርፌው 1 ለ 1 አካባቢ ቆመ። «ልጄ፣ ሬዲዮህ ጤነኛ ነው» አሉኝ። በቃ፣ አዲስ ሬዲዮ ግዛ የተባልኩት ነገር እዚያው ላይ አለቀ። ቀጥለው የራሴን አንቴና መልሰው ሰክተው ቻነል 1፣ 19 እና 40 ላይ ለኩ። ሦስቱም ላይ ከ3 በላይ! «አሁን ማይኩን አትጫን» አሉና አስረዱኝ። 3 ላይ ሲደርስ ከምትልከው ኃይል ሩቡ ከአንቴናው ተመልሶ ወደ ሬዲዮው ይመጣል፤ እንዲህ ሆኖ ብዙ ካወራህ ኃይሉን ወደ አንቴናው የሚልከው የመጨረሻው ትራንዚስተር ይቃጠላል። ሦስቱም ቻነል ላይ እኩል ከፍ ካለ ደግሞ ችግሩ የአንቴናው ርዝመት አይደለም፣ ግራውንድ (አንቴናው ከመኪናው ብረት ጋር ያለው ንክኪ) ወይም ኬብል ነው። በዚህ ሰዓት አንቴና ማስረዘምና ማሳጠር ድካም ብቻ ነው።

መልቲሜትራቸውን አምጥተው የግራውን አንቴና መያዣ ብረት ከሻሲው ጋር ለኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው ንክኪው የለም ማለት ይቻላል። ስፖኪዮው የታሰረው በር ላይ ነው፤ በሩ ከጋቢናው ጋር የሚገናኘው ቅባት በጠጣ ማጠፊያ ነው፤ መሃል ላይ ፕላስቲክና ቀለም አለ። «ከላይ የምታየው የአንቴናው ግማሽ ነው፣ ሌላው ግማሽ የመኪናው ብረት ነው» ያሉኝን አልረሳውም። ሲቢ 27 ሜጋኸርዝ ላይ ነው የሚሰራው፣ የሞገዱ ርዝመት 11 ሜትር ነው። ሩቡ እንኳ ወደ 2.7 ሜትር ይሆናል። እኛ የምንሰካው አጭር አንቴና ውስጡ ሽቦ ተጠምጥሞ ነው ያን የሚያካክሰው፣ ስለዚህ ከሥሩ ደህና ግራውንድ ካላገኘ አቅም የለውም።

የቀኙን ደግሞ እንዴት እንዳገኙት ልንገራችሁ። ሜትሩን እያዩ በሩን ክፈትና ዝጋ አሉኝ። በከፈትኩ በዘጋሁ ቁጥር መርፌው ይዘላል። ኬብሉ በሩ ሥር ተጨፍልቆ ውስጡ ያለው መረብ ተበጥሷል። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ነው!

ጥገናው ረጅም አልነበረም፤ ግን ጥንቃቄው። ቀለሙን ፍቀው ባዶ ብረት አወጡ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገቡ፣ ከመያዣው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጋቢናው ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ግራውንድ ሽቦ አሰሩ፣ ዝገት እንዳይመለስ ቅባት ቀቡ። ኬብሉን ሙሉውን ቀየሩት። እዚህ ላይ ያሉኝን ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ፦ ሁለት አንቴና ላለው ትራክ የሚሆነው አርጂ-59 የሚባለው ባለ 75 ኦም መንታ ኬብል ነው፤ አንድ አንቴና ብቻ ከሆነ ባለ 50 ኦሙ አርጂ-58 ነው። መንታውን ኬብል ይዞ አንዱን አንቴና ነቅሎ የሚሄድ ብዙ ሾፌር አለ፣ እሱም ኤስደብልዩአሩን ያበላሸዋል።

ከዚያ ትራኩን አውጥተን ሜዳ ላይ፣ ከግድግዳና ከሌሎች መኪኖች ርቀን አቆምን። በሩ ተዘግቶ ነው የሚለካው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተለካ ቁጥር አይታመንም አሉ። አሁን ቻነል 1 ላይ ከቻነል 40 ትንሽ ከፍ አለ። ይህ አንቴናው አጥሯል ማለት ነው፤ 40ው ቢበልጥ ኖሮ ረዝሟል ማለት ነበር። የሁለቱንም ጫፍ እኩል እኩል አስረዘሙ። መጨረሻ ላይ 19 ላይ 1.3፣ ዳርና ዳር 1.5 አካባቢ ሆነ። ከ2 በታች እስከሆነ ያሰራል፣ ከ1.5 በታች ከሆነ አትነካካው አሉኝ።

እኔ ተደስቼ ልሄድ ስል «ቆይ» ብለው ሞተሩን አስነሱ። የዳሽካሜራውን ቻርጀርና ኢንቨርተሩን ተራ በተራ እየነቀሉ አዳመጡ። የሚንሿሿው ድምፅ ከቻርጀሩ ነበር፣ ሲነቅሉት ጸጥ አለ። ይህን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሥራቸውን ስለሚወዱ ነው።

ያስከፈሉኝ የኬብሉን፣ የዕቃውንና የሰዓታቸውን ብቻ ነው፣ ሲደመርም አዲስ ሬዲዮ ከሚፈጀው በጣም ያንሳል። የድሮውን ኬብል ቆርጠው የተበጠሰውን ቦታ በእጄ አስያዙኝ። እንዲህ ያለ ታማኝ ባለሙያ፣ ያውም ሁሉንም በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ፣ ስናገኝ ደጃቸው ሰው እንዳያጣ ማድረግ ያለብን እኛ ነን። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። ፋንሲ ጋፕን ከዚያ ወዲህ ወርጄዋለሁ፤ ተራራው ሥር ያለው ሾፌር ሲያወራ አናቱ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ትሬለሩን ፈታችሁ ሂዱ። ቀድማችሁ ደውሉላቸው፣ እሁድ አይሰሩም። ስትደውሉም የትራኩን ሞዴልና ስንት አንቴና እንዳለው ንገሯቸው፣ ኬብሉን አዘጋጅተው ይጠብቋችኋል።